ጫት የተከለ ከቅሬ ይውጣ

ጫት እጠላለሁ። ድሮም እጠላ ነበር፣ ዛሬም እጠላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሆነውን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ሽማግሌው ተጸጽቶ ሐሳቡን ለወጠ» እንዳትሉኝ ነው። የተጸጸትኩበት ነገር አለ፤ እሱ ግን ሌላ ነው።

ሰፈራችን ሀብሩ ውስጥ ነው። ከመርሳ ብዙ አይርቅም፤ ከአስፋልቱ ግን ወንዝ ይለየናል፣ ድልድይ የለውም። ክረምት ሲሞላ ማንም አይሻገረውም፤ በበጋ ደግሞ ውሃው ቢያንስም ድንጋዩ ባጃጅ አያሳልፍም። የምንኖረው በዚሁ ወንዝ ነው። በመስኖ ሽንኩርት እናወጣለን፤ ማንጎና ብርቱካንም ነበረን። ብርቱካኑን በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቅርንጫፉ ከጫፍ ጀምሮ ደረቀ። ባለሙያ መጣ፣ አየ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነው ጫቱ የመጣብን። ብርቱካን በተነቀለበት ጉድጓድ ጫት ተተከለ።

ለምን እንደምጠላው ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ወልድያ ቤት ተከራይቶ ሲማር መጀመሪያ የሚቅመው ለፈተና እንዳይተኛ ነበር። ኋላ ለመተኛት አረቄ ጨመረበት። ከዚያ ምን ምን እንደጨመረበት እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን ፍለጋ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። «አጎቴ፣ ሰዓት ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሞ ነገርኩት። ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ሰዓት ሲጠይቀኝ ቆየ። ና እንሂድ ብለው አልመጣም። «ያሳበደው ጫቱ ብቻ ነው ወይ?» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። እኔ የማውቀው ሲጀምር በጫት እንደጀመረ ነው።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የኛ ግን ከዚያ ይሰፋል። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ነው። የሞተውን ይቀብራል፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ይሠራለታል፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ያደርሳል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት ቀርቶ እሳት የሚያስጭረው አያገኝም። ሰው ከእስር ይልቅ ይህን ይፈራል። የቅሬው ዳኛ እኔ ነበርኩ። ቃሬዛው፣ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው።

እና ኅዳር ላይ ሰውን ዋርካው ሥር ሰበሰብኩና ሐሳቤን ተናገርኩ።

«ጫት የተከለ ከቅሬ ይውጣ። የሸጠም ይውጣ። ለወጣ ሰው የረዳም አብሮ ይውጣ።»

ሁሉም ባንዴ ተናገረ። ፀጥ ሲል ሸሁ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። ሸሁ የእስላሞቹ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኔ በሁለት ወይ በሦስት ዓመት ይበልጣሉ። ዝናብ ሲጠፋ ዱአ የሚያደርጉልን እሳቸው ናቸው፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ሄደን አሚን እንላለን። ዱአው ላይ ጫት አለ። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፣ ማንም ክፉ አላለውም።

«ዳኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «አረቄውንም አብረን እንከለክላለን?»

«አረቄ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ያን ጊዜ ሠርግ ላይ ከአህያ የወደቀው ሰው ጫት ቅሞ ነበር እንዴ?»

ሰው በሳቅ አለቀ። የወደቅሁት እኔ ነበርኩ።

«አንቱ ለዱአዎ ስለሚፈልጉት ነው የሚሟገቱለት» አልኩ፤ ተናድጄ ነበር።

«ወላሂ ለዱአዬ ከመርሳ አስመጣለሁ፣ በዚህ አልቸገርም። ልጆች የሚቅሙበትን ቤት ዝጉ፣ አብሬያችሁ ነኝ። ለተማሪ የሸጠውን ቅጡ፣ ዱላውን እኔው አቀብላለሁ። በቅሬ ግን ሰው አታስፈራሩ። መንግሥት እንኳ ኬላ ላይ ቀረጥ ይቀበልበታል እንጂ አልከለከለውም። እናንተ ብትከለክሉት ይደበቃል። የተደበቀ ነገር ብቻውን አይመጣም። ዛሬ በየጓሮው የምታዩት ጫት ነው፤ ነገ በየጓዳው ሐሺሽ እንዳታገኙ።»

የቅሬው ጸሐፊ መርሳ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ መለሰላቸው። «ሸሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግማሹን ፈቅደን ግማሹን ብንከለክል ልጆቹ በተፈቀደው ግማሽ ይገባሉ። እኔ ክፍል ውስጥ አያቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ግማሽ ነው፤ የመጣውም ዓይኑ ፈጦ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ክልከላ ከሆነ ሙሉ ይሁን።»

እኔ የምፈልገውን ነው የተናገረልኝ። እጅ ይውጣ ተባለ፤ የኛ ወገን በለጠ። ጸሐፊው ጻፈ፤ የሚችል ፈረመ፣ የማይችል በጣቱ አተመ።

ጫት የተከለው አምስት ቤት ነበር። አራቱ በሳምንት ውስጥ ነቀሉ። አምስተኛው ልጄ ነው።

ማሳው ድረስ ሄድኩ። ቦይ እየጠረገ ነበር።

«ንቀል» አልኩት።

«አልነቅልም አባዬ።»

«ሰው እኔን ነው የሚያየው።»

አካፋውን አቆመ። «ብርቱካኑ ሲደርቅ ታገሥ አሉኝ፣ ታገሥሁ። ሽንኩርቱ ገበያ አጥቶ ማሳ ላይ ሲበሰብስ ታገሥ አሉኝ፣ ታገሥሁ። ሳውዲ ልሂድ ስልዎ አለቀሱ። እሺ ብዬ ቀረሁ። እዚሁ ተቀምጬ ልሥራ ስል ደግሞ ከቅሬ ሊያስወጡኝ ነው። የት ልሁን ታዲያ? አልቅምም፣ ያውቃሉ። ተክዬ ነው የምሸጠው።»

«የሌላው ልጅ ይቅመዋላ!»

«የሌላው ልጅ እኔ ባልተክልም ይቅመዋል።»

ይህን ሲለኝ የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝ። ሰድቤው ተመለስኩ።

ከነቀሉት አንዱ ጎረቤቴ ነው። የእድሜ እኩያዬ ነው፤ ወይፈኖቻችንን ሐራ ገበያ አብረን ነው የምንነዳው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዞኝ፣ «እኔ ነቅያለሁ። እንግዲህ ለልጅህ ስትሆን እናይሃለን» አለኝ። በዚያው ሳምንት ልጄን ከቅሬ አስወጣሁት። ሌላ ሰው ያውጅ ሲሉኝ እምቢ ብዬ በራሴ አፍ አወጅኩ። ምራቴ ያን ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ባለቤቴ ሦስት ቀን እህል አላቀረበችልኝም፤ ራሴ ከሌማቱ እያነሳሁ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በጓሮ በኩል ልጄ ቤት እንደምትሄድ አውቃለሁ። የረዳም ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዳላየ ሆንኩ። ዳኝነቴ እዚያ ላይ መሰንጠቁ ነበር፤ ልብ አላልኩትም።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ረፋዱ ላይ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ እየሮጠች ግቢዬ ገባች። ሽንኩርት እያሰርኩ ነበር።

«ምራትዎ ደም ጀምሯታል። ምጡ ገና ነው፣ ደሙ ግን እየበዛ ነው። ከመርሳ አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ አስፋልቱ ላይ ይጠብቃል። ቃሬዛና ስምንት ሰው አሁኑኑ እፈልጋለሁ።»

ልጄ ከኋላዋ መጥቶ ነበር። ግቢው ውስጥ አልገባም፤ አጥሩ በር ላይ ቆመ። እጁ ላይ ደም አለ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ ያን ቀን ነው።

«ቃሬዛውን ይስጡኝ» አለ።

ቃሬዛው ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል።

«የኔ አይደለም፤ የቅሬው ነው» አልኩት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ግን ያልኩት እሱን ነው። ልቤ ውስጥ የነበረው የጎረቤቴ ቃል ነበር፤ «ለልጅህ ስትሆን እናይሃለን።» ቃሬዛውን ባወርድ እንኳ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። የረዳ ይውጣ ብለን ያሰርነው ሰው ሳንፈታው ማን ይነሳል? እንዲህ ነው ያሰብኩት። ቅሬው ተሰብስቦ ይፍታው፣ ወዲያው ተሸክመው ይሂዱ፣ ማንም አያማኝም።

«ታዲያ ቅሬውን ይጠይቁልኝ» አለ ልጄ።

«እጠይቃለሁ። አንተ ከሚስትህ ጋር ሁን።»

ወደ ጠሪያችን ቤት ሄድኩ። ቅሬውን የሚጠራው ሰው አንድ ነው፤ የሚጠራበትም አንድ ጥሩምባ ነው። «ሰው በቶሎ ይሰብሰብ» አልኩት።

«ልንፋ?» አለኝ፤ ዓይኔን እያየ።

«ንፋ።»

አስተውሉ። በኛ አገር የቅሬ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ለተራ ስብሰባ ቤት ለቤት ነው የሚነገረው። እኔ ያሰብኩት መፍጠኑን ብቻ ነበር። እሱም ዳኛው አዘዘኝ ብሎ ጉብታው ላይ ወጥቶ ወደ አራቱም ማዕዘን ነፋ።

ሰው ከየማሳው ወጣ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ እየያዙ ወደ ዋርካው መጡ፤ መቃብር ሊቆፍሩ ነው።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ አስነፋህ?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «እንሂዳ ታዲያ፣ ምን እንጠብቃለን!» ብሎ ተነሳ። ጸሐፊው ያዘው። «ቆይ። ሕጉ ሳይፈታ የሄደ ይወጣል። ይነበብና እንፍታው፤ አፍታ አይፈጅም።» ደብተሩን ገለጠ። የተጻፈበትን ገጽ እስኪያገኝ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠው። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እሰማዋለሁ፤ ዛሬም ድረስ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ አልወድም።

ተነበበ። «ይፈታ የምትሉ?» አልኩ።

ጎረቤቴ እጁን አወጣ፤ ድምፅ ሊሰጥ ሳይሆን ሊናገር ነው። ተናገር አልኩት። ምን ላድርግ፣ ዳኛ ነኝ፤ ተራ ሰጠሁ።

«እኔ ጫቴን የነቀልኩት ጠግቤ አይደለም» አለ። «ነቅዬ ማሽላ ዘራሁ። ማሽላው ገና አልደረሰም፤ ጎተራዬ ባዶ ነው። ልጆቼ ሰው ቤት ተቀጠሩ። ሕግ ነው ብላችሁኝ ነው። ዛሬ ለዳኛው ልጅ ሲሆን የሚፈታ ከሆነ፣ እኔ ጫቴን ነገ መልሼ እተክላለሁ። ይህንም አብራችሁ ፍቱልኝ።»

እውነቱን ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲህ ሲል ግን ነገሩ ከሴትዮዋ ወጥቶ ወደ ጫቱ ተመለሰ። አንዱ ይፈታ ካልን ለሁሉም ይፈታ አለ። ሌላው ለሁሉም ከተፈታ መጀመሪያ ለምን ከለከልን አለ። ሦስተኛው ለዛሬ ብቻ ይፈታ አለ። «ለዛሬ ብቻ የሚባል ሕግ የለም» አለ ጸሐፊው። «ልጆቻችንን የሚያሳብደው ደግሞ እሱ የተከለው ነው» አለ አንድ ከወደ ኋላ የተቀመጠ። «ያንተን ልጅ ያሳበደው ሥራ ማጣት ነው!» አለው ሌላው። ያ ተነሳ፤ ይህም ተነሳ። ዶማ የያዘ ሰው ሲነሳ ደስ አይልም። ቁጭ በሉ፣ ተራ በተራ አልኩ። አንድ የሽንኩርት መደብ ውሃ ጠጥቶ እስኪጠግብ ድረስ እንዲህ ተከራከርን። እኔ መሐል ቆሜ አንተ ቀጥል፣ አንተ ቆይ እላለሁ። ሂድ ይለኛል ልቤ፤ ከጨረስክ በኋላ ይለኛል ሌላው።

ሸሁ ደረሱ። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ያለከልካሉ።

«ያ ጀማዓ! ሰው ሞቶ ነው ወይስ እስኪሞት እየጠበቃችሁ ነው?»

«ሕጉን እየፈታን ነው» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ! ስለ ጫት ለመከራከር ዓመት ሙሉ አለን። እኔም እከራከራለሁ፣ አፌ እስኪደርቅ እከራከራለሁ። አሁን ግን ተነሱ!»

ጸሐፊው ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት ከወጣቶቹ አንዱ ጮኸ። «እዩ! ሴቶቹን እዩ!»

ዋርካው ከፍታ ላይ ነው፤ ወንዙ ከሥር ይታያል። ሴቶች ወንዙን እየተሻገሩ ነበር። ብዙ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀዋል፣ እስላሞቹም ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። መሐላቸው የጠፍር አልጋ አለ። አልጋው ላይ ምራቴ ናት። ከፊት በስተቀኝ በኩል የአልጋውን እግር ትከሻዋ ላይ ያደረገችው ባለቤቴ ነች።

በኋላ እንደሰማሁት እንዲህ ነው የሆነው። ሴቶቹ ጥሩምባውን ሲሰሙ ደም የጀመራት ምራቴ ሞተች ብለው እያለቀሱ ልጄ ቤት ገቡ። ሕጉን ማንም አላሰበውም፤ ለሬሳ ነው የመጡት። ሲገቡ ዓይኗ ተከፍቷል። ልቅሷቸውን ሰምታ፣ «ጥሩምባው ለኔ ነው?» አለቻቸው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ አልጋውን ከነፍራሹ በአንድ ወገን አነሳች። ሌሎቹ በሌላው ወገን ገቡ። ልጄ በመካከል ያዘ። በቃ። ዳኛም ጸሐፊም አላስፈለጋቸውም።

ወረድን። ሽማግሌም ወጣትም ሮጠ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ድንጋዩ ግን ያንሸራትታል። ወጣቶቹ ደርሰው አልጋውን ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ባለቤቴ ዞረች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ልቀቁ! ሂዱና ስብሰባችሁን ጨርሱ።»

አልሰጡንም። እየተፈራረቁ፣ «ማርያም፣ ማርያም ድረሽላት» እያሉ፣ እስላሞቹ «ያ ረቢ» እያሉ፣ እነሱው አስፋልት አደረሷት። እኛ አካፋና ዶማችንን ትከሻችን ላይ እንዳደረግን ከኋላ ተከተልን። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቀብር መስሎት ነው። አካፋዬን ቦይ ውስጥ ጣልኩት።

አምቡላንሱ ሲጠብቅ ቆይቷል። ልጄና ባለቤቴ አብረው ገቡ። እኔ ሚኒባስ ይዤ መርሳ ስደርስ ወደ ወልድያ አሳልፈዋታል አሉኝ። ወልድያ ስደርስ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች። ልጄ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። አልሸሸኝም።

ደም ያስፈልጋል ተባለ። ክንዴን ገለጥኩ። «አባባ፣ እድሜዎ አይፈቅድም» አለችኝ ደም የምትቀዳው ልጅ። «ደሜ እኮ ደህና ነው» ብል፣ «ይሁን፣ ለራስዎ ያቆዩት» አለችኝ። እንዲህ ስንባባል ጸሐፊው በሩ ላይ ብቅ አለ። በኋለኛው ሚኒባስ መጥቶ ነው። ደብተሩን ዛሬም ብብቱ ሥር ይዟል። ማንንም አላየም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ነጥቷል። ልጄ ሊያመሰግነው ሲል፣ «ተወኝ፣ አታመስግነኝ» ብሎ ውጭ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐኪሙ ወጣ። ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የኛ አገር ሰው አይመስልም።

«እናትየው ትድናለች» አለ። «ሕፃኑን ማትረፍ አልቻልንም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ተስፋ ነበረው። ደሙ የጀመረው ጠዋት ነው ተብሏል። ለምንድነው እስካሁን የቆያችሁት?»

ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ልጄን አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። በሰው ፊት ቢናገር፣ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝም ተገቢዬ ነው።

«ወንዙ ሞልቶብን ነው» አለ ልጄ።

ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ሊጽፍ ብዕሩን አወጣ።

ዘመኔን ሁሉ ክብሬን ስጠብቅ ኖሬ፣ በዚያች ሰዓት የጠበቀልኝ እሱ ነው፤ ልጁን አጥቶ ቆሞ። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። አልቻልኩም።

«ወንዙ አልሞላም» አልኩ። «የካቲት ነው። ስብሰባ ላይ ነበርን።»

«የምን ስብሰባ?»

«የጫት። ጫት ይከልከል አይከልከል ብለን ስንከራከር ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ብዙ አየኝ። ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተና ወደ ውስጥ ገባ። ልጄ፣ «አባዬ፣ ይቀመጡ» ብሎ ክንዴን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ።

ላልተጠመቀ ሕፃን ጥሩምባ አይነፋም፣ ቅሬም አይወጣም። በማግስቱ ሕፃኑን ይዘን ተመለስን፤ ልጄ ማሳው ዳር ቆፈረ። ዶማውን ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ። ጥቂት ቆፍሬ ትንፋሼ ሲያጥር ተቀበለኝ። ሸሁ አጥሩ ጋ ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ጎረቤቴም መጣ። «እኔ የተናገርኩት...» ብሎ ጀመረ። «እውነትህን ነው የተናገርከው፤ ተራውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አልኩት።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ፤ ያን ጊዜ ቤት ለቤት ነው። ሴቶቹም ሳይጠሩ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ ወደ ኋላ ሂዱ ያላቸው የለም። መጀመሪያ እንዲህ ተባለ፤ ቃሬዛና ቀብር በምንም ጥፋት ከማንም ቤት አይከለከልም። እጄን ከሁሉ አስቀድሜ አወጣሁ። ቀጥሎ ልጆች የሚቅሙበትን ቤት የከፈተና ለተማሪ የሸጠ ይቀጣል ተባለ። ይህም አለፈ። ሦስተኛው መትከሉ ነው። ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ሲባል፣ ይከልከል ብዬ እጄን አወጣሁ። ሰው ተያየ። ልጄ ከፊቴ ተቀምጧል።

«አንቱ ዳኛው፣ አሁንም?» አሉ ሸሁ።

«አሁንም። በቅሬ አይሁን እንጂ ይከልከል። የእህቴ ልጅ እዚያው መናኸሪያ ነው።»

«እሺ፣ ይጻፍልዎ» አሉ፤ አላሾፉብኝም። ተሸነፍኩ። ዳኝነቱን አስረከብኩ፤ ቃሬዛውን ከግድግዳዬ አውርደው ወሰዱት።

ምራቴ አገገመች። ክረምቱ ሳይገባ ከቤት ወጥታ በማሳው ዳር ጎመን ተከለች። የውሃ ተራ ማክሰኞ የኔ ነው። ልጄ ማሳው ከኔ በታች ስለሆነ አንድ ማክሰኞ መጥቶ ከተራዬ ትንሽ ውሃ ለመነኝ።

«ለምኑ ነው?»

«ለጫቱ።» እሱ እኔን አይዋሸኝም።

«ለጫት ውሃ አልሰጥም።»

«አውቃለሁ» ብሎ ሳቀ።

ምራቴ ከወዲያ ቀና አለች። ገና አልወፈረችም፤ ድምፅዋ ግን ተመልሷል። «ለኔስ አባዬ? ለጎመኔ?»

«ላንቺማ ውሰጂ» አልኩና ቦዩን ከፈትኩ። ቦዩ ወደ ጎመኑ የሚደርሰው በጫቱ ሥር አልፎ ነው። ውሃው ሲገባ ቆሜ አየሁት። አልዘጋሁትም።